ኩሽኔታው ለምን ይሰነጠቃል?

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ኩሽኔታ፣ ከሞተር ሳይክል ካቴናና ከቶንዲኖ የቆመ ወፍ እየሠራሁ ነው። እግሩን ከኩሽኔታው ጋር ስበይደው ይይዛል፤ ሲበርድ ግን ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል። ደርቤ ብበይደውም ያው ነው።

መልስ፦ ችግሩ ብረቱ እንጂ እጅዎ አይደለም። ለብየዳ የሚመች ለስላሳ ብረት ካርቦኑ ከ0.25 በመቶ አያልፍም፤ የኩሽኔታ ብረት ግን 1 በመቶ ገደማ አለው። የተበየደው ቦታ እንደጋለ፣ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን በሰከንዶች ይመጠዋል፤ የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ እንደመንከር ነው። ከብየዳው ጎን ያለው ስስ ክፍል ይጠነክርና ተሰባሪ ይሆናል። ብየዳው ሲበርድ ደግሞ ተኮማትሮ ይጎትተዋል። ስንጥቁ ብየዳው ጠርዝ ላይ የሚታየውም ለዚህ ነው። መደረብ ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ እስከ ሥሩ በግራይንደር ፍቀው ያውጡት።

እኔ ብሆን ኩሽኔታውን ጨርሶ አልበይደውም። መሃሉ ቀዳዳ አለው አይደል? እግሩን ከተራ ብሎን ራስ ጋር ለብቻው ይበይዱ፤ ከበረደ በኋላ ብሎኑን በቀዳዳው አሳልፈው፣ ከሁለቱም ወገን ሰፊ ሮንዴላ አድርገው በዳዶ ያጥብቁ። ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የተጻፈበት ብሎን የተጠነከረ ስለሆነ ይተዉት። ዚንክ ያለበት ከሆነም መበየጃውን ቦታ አስቀድመው ይፋቁ፤ የዚንክ ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል።

የግድ መበየድ ካለበት ጎማ መሸፈኛውን አውልቀው ቅባቱን አጥበው ያድርቁ። አንድ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ወልውለው ኩሽኔታውን በሙሉ በጋዝ ነበልባል ቀስ ብለው ያሙቁ። የተወለወለው ቦታ ከገለባ ቢጫ ወደ ቡናማ ሲዞር 250 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ደርሷል። 312 የሚባለውን የስቴይንለስ ኤሌክትሮድ ይጠቀሙ፤ ብየዳው ሲኮማተር ይለጠጣል። ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር እየበየዱ ይሂዱ፤ ሲጨርሱ ደረቅ አመድ ውስጥ ቀብረው እስኪነጋ ይተዉት። ውኃ አይንካው።

ካቴናው ሌላ ጣጣ አለው፤ በፒኖቹ ውስጥ የተደበቀው ዘይት ሲሞቅ ወጥቶ ብየዳውን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል። በናፍጣ ዘፍዝፈው፣ በሳሙና ውኃ አጥበው፣ በደንብ ያድርቁት፤ ፒኑን ትተው የውጭውን ጠፍጣፋ ብረት በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዙ። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ ግን እንዳያጥቡት፤ ቅሪቱ ከብየዳው ቅስት (ከኤሌክትሮዱ ጫፍ ከሚወጣው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ጋር ሲገናኝ ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይሆናል።