የጎርጎራዋ ጀልባ ሽንት ቤት ለምን ይሸታል? መቀመጫውን ከመቀየራችሁ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አይቼ ዝም ልል ነበር፣ ግን እስካሁን የመጣው መልስ ሁሉ «በረኪና ድፋበት» ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

ጥያቄውን ላላያችሁት፦ ወንድማችን አጎቱ ጣና ሐይቅ ዳር ጎርጎራ ላይ 12 ሰው የምትጭን የፋይበር ጀልባ አለቻቸው። ከውጭ ያገለገለች ሆና የመጣች ናት። በእጅ የሚገፋ ፓምፕ ያለው ትንሽ ሽንት ቤት አላት። ሽታው መንገደኛ አላስገባ ብሏል፣ ቆሻሻውም ተገፍቶ ከሄደ በኋላ ቀስ ብሎ ይመለሳል። አጎቱ መቀመጫውን አውጥተው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሊገዙ አስበዋል። ይግዙ ወይ ነው የሚለው።

አይግዙ። ቢያንስ አሁን አይግዙ። ሥራዬ ቧንቧ ነው፣ በብዛት ጎንደር ከተማ የቤትና የሆቴል እሠራለሁ፣ ጎርጎራ ወርጄ ጀልባ ላይም ሠርቻለሁ። እስካሁን ያየሁት ሽታ ከመቀመጫው ሳይሆን ቆሻሻውን ከሚያወጣው ቱቦ የሚመጣ ነው። አዲስ መቀመጫ ከአሮጌ ቱቦ ጋር ብታገናኙ ገንዘባችሁ ይወጣል፣ ሽታው ግን እዚያው ይቆያል።

ይህን በራስህ ማረጋገጥ ትችላለህ። አንድ ጨርቅ በፈላ ውሃ ንከርና ጨምቀህ ቱቦው ላይ ጠምጥመው። እስኪቀዘቅዝ ተወው። ከዚያ ጨርቁን ይዘህ ከጀልባው ውጣ፣ ንጹህ አየር ላይ ቆመህ አሽትተው። ጨርቁ ከሸተተ ቱቦው አልቆለታል። ቱቦው ተሰንጥቆ ወይም አፍስሶ አይደለም፤ ሽታው በራሱ በግድግዳው ዘልቆ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ብታጥበውም አይመለስም። በተለያየ ቦታ ሞክረው። ቱቦው ሆዱን ጥሎ ፍሳሽ የሚተኛበት ቦታ ካለ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው።

ቆሻሻው የሚመለሰው ደግሞ በአንዲት ጎማ ምክንያት ነው። ከፓምፑ መውጫ ላይ ሦስት ወይም አራት ብሎን ፈትተህ ስታወጣው ጫፏ በቀጭኑ የተሰነጠቀ የጎማ ቁራጭ ታገኛለህ፣ ሻጮቹ ጆከር ቫልቭ ይሏታል። ስንጥቋ ለሚወጣው ትከፈታለች፣ ለሚመለሰው ትዘጋለች። አዲስ ስትሆን ለስላሳ ናት። ስታረጅ ትደርቃለች፣ ከሽንት የሚወጣው ኖራ ከንፈሯ ላይ ይጋገርና መገጣጠም ያቅታታል። ጣትህን አስገብተህ ስንጥቋን ስትከፍት ሻካራ ነገር ከተሰማህ ጣላት። በዓመት አንዴ የምትቀየር ዕቃ ናት፣ ዋጋዋም ከመቀመጫው ጋር አይነጻጸርም። የፓምፑን ሌሎች ጎማዎችም አብረህ ቀይር፣ አንድ ላይ ታሽገው ነው የሚሸጡት። የፓምፑ ስም ጃብስኮም ይሁን ሌላ፣ ሞዴሉን ፓምፑ ላይ አንብበህ ፎቶ አንሥተህ ነው ማዘዝ ያለብህ። ያው ኖራ ቱቦው ውስጥም አለ። ቆርጠህ ስታየው ብዙ ዘመን ውሃ እንደፈላበት ማንቆርቆሪያ ግድግዳው ሁሉ ቅርፊት ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ቀዳዳው በግማሽ ጠብቦ።

በረኪናውን እንተወው። ጎማዎቹን ይበላል። ከዚያ የሚብሰው በሽንት ላይ ሲፈስ የሚወጣው ጋዝ ነው፤ እንደዚያ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። ኖራ ማስለቀቂያ አሲድ ካለበት ጋር ከተቀላቀለማ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው። በረኪና ከነበረበት በደንብ ታጥቦ ከወጣ በኋላ፣ ኖራውን ለማለስለስ ኮምጣጤ ይበቃል። ማታ አፍስሰህ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ግፋው፣ ቱቦው ውስጥ ይደር።

አሁን ወደ ቱቦው። ውስጡ 38 ሚሊ ነው፣ አንድ ተኩል ኢንች ማለት ነው። ለጀልባ ሽንት ቤት ተብሎ የሚሠራ ወፍራም ጎማ ቱቦ አለ፣ ውስጡ ልሙጥ ነው። ጎንደር ገበያ እምብዛም አይገኝም፣ አዲስ አበባ ማስፈለግ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው መለመን ነው። የሚያጋጥምህ ፈተና የመስኖ ፓምፕ መምጠጫ ቱቦ ነው። ጎርጎራ ያለችበት ደንቢያ የመስኖ አገር ስለሆነ እሱ በየሱቁ ሞልቷል፣ ልኩም ይገጥማል፣ ርካሽም ነው። ለውሃ የተሠራ ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም። ሽታ ቶሎ ያሳልፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ውስጡ ጎድጎዳ ስለሆነ ቆሻሻ ይይዛል። ቀጥ ብሎ በሚሄድበት ቦታ እኔ የምመርጠው ጠንካራውን የፒቪሲ ቧንቧ ነው። በእሱ ሽታ አያልፍም። ጀልባ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ሁለቱ ጫፎች ላይ አጠር ያለ የጎማ ቱቦ ይግባ። ከቱቦው ቁራጭ ይዘህ ሂድና ቧንቧውን ሱቁ ላይ አጋጥመህ ካየህ በኋላ ግዛ።

ፋሸታው (ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ቀበቶ) በየመጋጠሚያው ሁለት ሁለት ይሁን፣ አይዝጌ ብረት፣ ብሎኖቹ በተቃራኒ አቅጣጫ። ማግኔት ይዘህ ሂድ፤ ቀበቶው ብቻ አይዝጌ ሆኖ ብሎኑ ተራ ብረት የሆነ ብዙ ነው። ቱቦው አልገባ ካለህ ጫፉን ትኩስ ውሃ ውስጥ አቆየው፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀባው። እሳት አታስጠጋ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቱቦው የት ነው የሚያልቀው? እንዳልከው ከሆነ ቀጥታ ወደ ሐይቁ ነው። ይህን ካልቀየራችሁ ቱቦውን መቀየራችሁ ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳር ላይ ደግሞ ሰው ይቀዳል፣ ልጆች ይዋኛሉ፣ ዓሣ አጥማጁ እስከ ወገቡ ገብቶ መረብ ይስባል። ደንቢያ ዳር ቢልሃርዚያ እንዳለ ታውቃለህ። የትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፣ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያ ወጥቶ የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። ዓይነ ምድር ውሃው ውስጥ ካልገባ ይህ ሁሉ ይቋረጣል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያስቸገረን እምቦጭም ቢሆን ፍሳሽ የሚወስደው ንጥረ ነገር ምግቡ ነው። አዋጅ 300/1995ም አካባቢን መበከል ይከለክላል። አጎትህን በዚህ በኩል አስረዳቸው፣ ጎብኚ የሚጭን ሰው ይህን ለመስማት ቅርብ ነው።

ስለዚህ ማጠራቀሚያ ታንከር አስገቡ። መጠኑን እንዲህ አስብ፦ 12 ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ቢጠቀም፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሊትር ተኩል ቢሄድ 60 ሊትር ነው። 80 ሊትር ያለ ችግር ይበቃችኋል። ሲሞላ ከ80 ኪሎ በላይ ስለሆነ ወደ መካከልና ወደ ታች ይቀመጥ፣ በደንብ ይታሰር። ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን፣ ግድግዳው ከ6 ሚሊ ባይሳሳ ጥሩ ነው። ብረት አታሠሩ፣ ሽንት ይበላዋል። መምጠጫው ከታች ሳይሆን ከላይ ገብቶ እስከ ወለሉ የሚወርድ ቧንቧ ይሁን፤ መጋጠሚያው አንድ ቀን ቢላላ እንኳ የታንከሩ ፍሳሽ ጀልባው ሆድ ውስጥ አይዘረገፍም።

የታንከሩ መተንፈሻ ላይ ሰው ሁሉ ይሰስታል። ቀጭን ቱቦ አስገብተው ይሸታል ይላሉ። አየር ከገባለት ቆሻሻውን የሚያብላሉት አየር የሚወዱት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እነሱ ብዙ አይሸቱም። አየር ካጣ ሌሎቹ ይነግሣሉ፣ ያን ጊዜ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ነው። ቢያንስ 25 ሚሊ የሆነ፣ አጭርና ቀጥ ያለ መተንፈሻ አድርግ። ቢቻል በግራና በቀኝ ሁለት ይሁን፣ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ሲሞላ ማን ይመጣል? እኛ የምንጠቀመው የሴፕቲክ መምጠጫ መኪና ነው። ይሠራል፣ ግን ሁለት ነገር ልብ በል። የመኪናው ቱቦ ከእናንተ 38 ሚሊ በጣም ስለሚወፍር ማገናኛ ቀድማችሁ አሠሩ። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ የመኪናው የመሳብ ኃይል ለሲሚንቶ ጉድጓድ የታሰበ ነው። መተንፈሻው አየር ካላደረሰ ፕላስቲኩን ወደ ውስጥ ይጨመድደዋል። ስለዚህ ታንከሩ አናት ላይ በእጅ የሚከፈት ሰፊ ክዳን ይኑር፣ ሲመጠጥ ይከፈት። ሹፌሩንም ቀስ ብሎ እንዲጀምር ንገሩት። የት እንደሚደፋም ጠይቁት፣ መልሶ ወንዝ ውስጥ የሚደፋ ከሆነ ምን ዋጋ አለው።

ታንከር ካስገባችሁ ወደ ሐይቁ የሚያወጣውን የድሮ ቀዳዳ በፋይበር ድፈኑት። መቀመጫውን የሚያጥበውን ውሃ ከሐይቁ የሚያስገባው ቀዳዳ ባለበት ከቆየ ደግሞ ቫልቩን ፈትሽ፣ ነሐስ ይሁን፣ በቀላሉ የሚከፈትና የሚዘጋ። አጠገቡ በልኩ የተቀረጸ የእንጨት ውታፍ በገመድ ይታሰር። የማስገቢያው ቱቦ ከውሃው መስመር በላይ 20 ሴንቲ ያህል ከፍ ብሎ ዞሮ፣ አናቱ ላይ አየር የምታስገባ ቫልቭ ተገጥማለት መመለስ አለበት። መቀመጫው ከውሃው መስመር በታች ከሆነና ይህ ከሌለ ውሃው ራሱን በራሱ ስቦ ይገባል። ሰው ቫልቩን ሳይዘጋ ከሄደ ጀልባዋ ባሰራችሁበት ትሰጥማለች።

እውነቱን ለመናገር ግን ከሐይቁ መሳቡን እንዲያውም ብትተዉት ይሻላል። ክረምት ላይ የመገጭና የድርማ ወንዞች የሚያወርዱት ደለል የፓምፑን ጎማ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፣ የእምቦጭ ሥርም ማጣሪያውን ይዘጋል። ከጀሪካን ወይም ከትንሽ ሮቶ ንጹህ ውሃ ብትስቡ አንድ ቀዳዳ ይቀንሳል፣ ያ የማስገቢያው ጣጣም አብሮ ይቀራል።

ኤሌክትሪኩስ? በ12 ቮልት ከ15 እስከ 20 አምፔር ይስባል፣ ወፍራም ሽቦና የራሱ ፊውዝ ይፈልጋል። ሶፍት ወይም ሞዴስ የገባበት ቀን ይቆማል፣ ሐይቅ መካከል ፈቶ የሚሠራው የለም። የእጁን ግን ረዳቱ ልጅ በአንድ ካቻቢቴ ይፈታዋል። እኔ ብሆን የእጁን አድሼ በተረፈው ገንዘብ ታንከሩን እገዛ ነበር።

ሥራውን ሚያዝያና ግንቦት ላይ አድርጉት። ያኔ ሐይቁ ይሸሻል፣ ጀልባዋን ዳር ማውጣት ቀላል ነው። አሮጌውን ቱቦ ለመንቀል አትታገል፣ በቢላ በቁመቱ ሰንጥቀህ አላቅቀው፣ ጫፎቹን በፌስታል እሰርና ቆራርጠህ አውጣው። ጓንት አትርሳ። ሲያልቅ ታንከሩን በንጹህ ውሃ እስከ አፉ ሙላና አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት በየመጋጠሚያው ደረቅ ሶፍት አዙርበት። ከረጠበ አጥብቀህ ድገመው፣ መንገደኛ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ለጊዜው የመቀመጫው አፍ ከውሃው መስመር በላይ ነው ወይስ በታች? ጀልባዋ ተጭና ሳለ ለካና ከፓምፑ ፎቶ ጋር ላክልኝ፣ የቱቦውን መንገድ ሥዬ እልክልሃለሁ።