ዊንዶውስ 10 ካበቃለት በኋላ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከዊንዶውስ 10 ጋር የተያያዙ ብዙ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ብዙዎቹን ከሚወክለው እንጀምራለን፤ የቀሩት አጫጭር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አራት ዴስክቶፖች አሉኝ፤ ሁሉም ኮር አይ ፋይቭ፣ ስድስተኛ ትውልድ፣ ራማቸው 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስካቸው 500 ጊጋ ነው። የተጫነባቸው ዊንዶውስ 10 ነው። ያሳየሁት ባለሙያ «እነዚህ ዊንዶውስ 11 አይቀበሉም፤ አዲስ ግዢ» አለኝ። አቅሙ የለኝም። በዚያ ላይ ጠዋት ከተከፈቱ በኋላ ለሥራ እስኪደርሱ ብዙ ያስጠብቃሉ። አንዱ ላይ የሒሳብ ሥራ በፒችትሪ እሠራበታለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የባለሙያው ምርመራ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆች ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ፣ ሴኪዩር ቡት የሚችል ዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የእናት ቦርዱ ሶፍትዌር)፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ብቻ ይፈልጋል። ትውልዱ ከሞዴል ቁጥሩ ይታወቃል፤ 6500 የሚል ስድስተኛ ነው፣ 8500 የሚል ስምንተኛ። የእርስዎ ማሽኖች የወደቁት በዚህ መስፈርት እንጂ በጉልበት ማነስ አይደለም። ለጽሕፈት ሥራ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ከበቂ በላይ ነው።

የመዘግየቱ ምክንያት ሌላ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና የዲስኩን መስመር ይመልከቱ። ኮምፒውተሩ ገና እንደተነሳ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ የሚቆይ ከሆነ ጥፋተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲያነብ መርፌው ለእያንዳንዱ መንቀሳቀስ ስላለበት በሴኮንድ መቶ ገደማ ንባብ ብቻ ነው የሚችለው። ተራ የሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ሳታ በሚባለው ኬብል የሚገናኝ ዲስክ) በአሥር ሺዎች ያነባል። 4 ጊጋ ራም ሲሞላም ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስኩ ላይ ስለሚያስቀምጥ ችግሩ ይደራረባል።

ስለዚህ ገንዘብዎን መጀመሪያ በ240 ወይም በ256 ጊጋ የሳታ ኤስኤስዲ ላይ ያውሉ፤ ቀጥሎ ራሙን 8 ጊጋ ያድርሱ። ራም ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ከፍተው የነበረውን ራም ስቲከር ያንብቡ። ፒሲ4 የሚል ከሆነ ዲዲአር4፣ ፒሲ3ኤል የሚል ከሆነ ዲዲአር3ኤል ነው፤ ስድስተኛ ትውልድ ላይ ሁለቱም ያጋጥማሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ለኤስኤስዲው የሳታ ዳታ ኬብልና ትርፍ የኃይል ሶኬት መኖሩንም ያረጋግጡ፤ ብዙ ሰው ዲስኩን ገዝቶ ኬብል ለመፈለግ እንደገና ገበያ ይወጣል። አሮጌውን ዲስክ አይጣሉት። አዲሱን ሥርዓት ኤስኤስዲው ላይ ካስጫኑ በኋላ አሮጌው እዚያው ለፋይል ማስቀመጫ ይሁን። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው የዲስክ ጤና መመርመሪያ ፕሮግራም ሳያዩት ግን አይመኑት፤ ቢጫ ምልክት ካሳየ ዕድሜው እያለቀ ስለሆነ ፋይሎቹን ቶሎ ያውጡ።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። ፒችትሪ ያለበት ማሽን ዊንዶውስ ላይ ይቆይ። በዚህ አንከራከርም፤ የሒሳብ መዝገብ የሙከራ ሜዳ አይደለም። ለዚያ ማሽን ማይክሮሶፍት ያዘጋጀው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ አለ፤ የተባለው ጊዜ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውሱ 22ኤች2 የሚባለው እትም መሆን አለበት፣ የማይክሮሶፍት አካውንትም ያስፈልጋል። 30 ዶላር ከመክፈል ይልቅ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ከአካውንቱ ጋር ማመሳሰል (ሲንክ ማድረግ) ይቻላል፤ ያኔ ክፍያ የለውም። መመዝገቢያው በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ይገኛል።

ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ቲፒኤሙን አስዘልሎ ዊንዶውስ 11 መጫንም ይቻላል፤ ጥገና ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ይህንን ነው። ዛሬ ይሠራል። ነገር ግን በየዓመቱ የሚወጣው አዲስ እትም በራሱ ስለማይመጣ በእጅ መጫን ግድ ይላል፤ ማይክሮሶፍትም ለእንደዚህ ዓይነት ማሽን ማሻሻያ ለመስጠት ዋስትና አይገባም። ለቤት ኮምፒውተር ይሁን እንበል፤ ደንበኛ ወረፋ ለሚጠብቅበት ቤት ግን አንመክረውም።

በቀሩት ሦስቱ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነጻ ሥርዓት ያስጭኑ። 22ኛው እትም እስከ ኤፕሪል 2029 ድረስ ማሻሻያ ያገኛል። ራሙን 8 ካደረሱት ሲናሞን የተባለው ገጽታ ይስማማዎታል፤ በ4 ከቆየ ኤክስኤፍሲኢ ይሻላል። ከመጫንዎ በፊት ከፍላሽ ላይ አስነስተው ሳይጭኑ ይሞክሩት፤ በተለይ ፕሪንተሩን። እንቅፋቱ ያለው እዚያ ነው። የኤችፒ ፕሪንተሮች በአብዛኛው ወዲያው ይሠራሉ። እንደ ሌዘርጄት 1020 ያሉት ግን በተከፈቱ ቁጥር የውስጥ ፕሮግራማቸውን (ፈርምዌር) ከኮምፒውተሩ ስለሚቀበሉ ተጨማሪ ፕለጊን በኢንተርኔት ማውረድ ይፈልጋሉ። ካኖን ኤልቢፒ 2900 ከሆነ ብዙ ስለሚያስቸግር ከዊንዶውሱ ማሽን ጋር ይተዉት።

ሌላው፣ ሊኑክስ ላይ በወርድ ፈንታ የሚያገለግለው የሊብሬ ኦፊስ ጉዳይ ነው። ደንበኛ በወርድ ተጽፎ በኒያላ ፎንት የተዘጋጀ ጽሑፍ ሲያመጣልዎ ኒያላ ሊኑክስ ላይ ስለሌለ ሌላ ፎንት ይተካዋል፤ ያኔ መስመሩና ገጹ ይንሸራተታል። 20 ገጽ የነበረ 22 ሊሆን ይችላል። ለኅትመት የሚመጣውን በፒዲኤፍ እንዲያመጡ ያስለምዷቸው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ያህሉን ግን ከዊንዶውሱ ማሽን ያትሙ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሊኑክስ ሚንትን በሞባይል ዳታ አውርጄ ፍላሽ ላይ ኮፒ አደረግሁት። ላፕቶፔን ሳስነሳ ግን ፍላሹን አልፎ ዊንዶውስ ይከፍታል። ዊንዶውሱ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።

መልስ፦ ያወረድከው ፋይል አይኤስኦ፣ ማለትም የአንድ ሙሉ ዲስክ ቅጂ ነው። ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ አይበቃም፤ በሩፈስ ወይም በባሌና ኤቸር መጻፍ አለበት። ይህ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ቀድመህ ገልብጥ። የበለጠ የምንወደው ቬንቶይ ነው፤ አንዴ ፍላሹ ላይ ከተጫነ በኋላ አይኤስኦውን ልክ አንተ እንዳደረግኸው ኮፒ ብታደርገው ይነሳል፣ ብዙ አይኤስኦም ጎን ለጎን ይይዛል። በሞባይል ዳታ የወረደ ፋይል ስለሚቆራረጥ ከመጻፍህ በፊት የሻ256 ቁጥሩን (የፋይሉን ትክክለኛነት ማረጋገጫ) ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አመሳክር። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል፤ ጭነቱ መሐል ላይ ይቆማል።

ዊንዶውሱን ለማቆየት ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር በርቶ እንደሆነ ተመልከት፤ ከበራ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፍ። ይህን ሳያደርጉ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ውስጥ የሚገቡ ሰዎች ናቸው «ፋይሌ ተቆለፈ» የሚሉት። ቀጥሎ ከዊንዶውስ የኃይል ሴቲንግ ውስጥ ፋስት ስታርታፕ (ፈጣን አነሳስ) የሚለውን አጥፋ፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ በትክክል ስለማይዘጋ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ክፍል ለመጻፍ አይከፍተውም። ከዚያ በዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት ሲ የሚባለውን ክፍል ሽሪንክ በማድረግ ቢያንስ 50 ጊጋ ባዶ አስቀር፤ አዲስ ክፍል ግን አትፍጠርበት። ላፕቶፑን እንደገና ስታስነሳ ኤፍ12 (በኤችፒ ኤፍ9) ደጋግመህ ተጫንና ፍላሹን ምረጥ። ጫኚው «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» የሚል ምርጫ ያቀርብልሃል። ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ ባዮሱ ውስጥ የሳታው አሠራር ሬይድ ወይም አርኤስቲ ላይ ስለሆነ ነው። ኤኤችሲአይ ወደሚባለው አሠራር መቀየር ያስፈልጋል፤ ግን በድንገት ከቀየርከው ዊንዶውሱ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። መጀመሪያ ዊንዶውስን ለሴፍ ሞድ አዘጋጅ፣ እንደገና ሲነሳ ባዮስ ገብተህ ቀይር፣ በሴፍ ሞድ አንዴ ከተነሳ በኋላ ወደ መደበኛው መልሰው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። ሊኑክስ ላይ አማርኛ በምን እጽፋለሁ? ደግሞም ከአዲስ አበባ የሚላኩልኝ አንዳንድ የቆዩ ሰነዶች ሲከፈቱ በላቲን ፊደላት የተዘበራረቀ ነገር ይሆኑብኛል።

መልስ፦ ለመጻፍ አይባስ እና ኤም17ኤን የተባሉትን የኪቦርድ ፕሮግራሞች ይጫኑ፤ ወጥተው እንደገና ሲገቡ በአይባስ ምርጫዎች ውስጥ አማርኛ፣ ሴራ የሚለውን ይጨምሩ። ሴራ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሥርዓት ነው፤ ሳድሱ ያለ አናባቢ፣ ግዕዙ በትንሿ ኢ (e)፣ ኃምሱ በትልቋ ኢ (E) ይመጣል። ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ሐ ሺፍት ይዘው ነው የሚጻፉት። ስልክ ላይ የለመደ እጅ ለጥቂት ቀናት ይሳሳታል፤ ከዚያ ይፈጥናል። ለፎንት አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ያስገቡ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

የቆዩት ሰነዶች ነገር ከበድ ይላል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ) ውስጥ የገባው በ1999 (በፈረንጆች) ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ተውሰው የአማርኛ ቅርጽ ያሳዩበት ነበር፤ ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ብዙ መሥሪያ ቤት በእነርሱ መጻፉን ቀጠለ። ቦታው 256 ብቻ ስለሆነና የእኛ ፊደል ስለማይበቃው አንዱን ፊደል ገበታ ሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ላይ ይከፋፍሉት ነበር። ስለዚህ አንድ የላቲን ምልክት በአንዱ ፎንት አንድ ፊደል፣ በሌላው ሌላ ፊደል ነው። ማስጠንቀቂያችን ይህ ነው፦ ጽሑፉን ከወርድ ፋይሉ ገልብጠው ወደ ኢሜይል ወይም ወደ ኖትፓድ አይለጥፉት። የፎንቱ ስም ይጠፋል፤ ስሙ ከጠፋ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚነግር የለም። ዋናውን ፋይል እንዳለ ይዘው የፎንቶቹን ስም ያንብቡ፤ ላኪውን እነዚያን ፎንቶች ይጠይቁ፣ ለማንበብ ይበቃል። መለወጥ ካስፈለገ ያንኑ የፎንት ቤተሰብ የሚያውቅ መቀየሪያ ይጠቀሙና ውጤቱን ከዋናው ጋር ዓይን ለዓይን ያስተያዩ። ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ላይ ብዙ ስሕተት ይገባል።

ጥያቄ፦ «ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም» ይባላል። እውነት ነው? ፍላሼ በኢንተርኔት ካፌ ሁልጊዜ ሾርትከት ይሆንብኛል።

መልስ፦ ቫይረስ የማይነካው የለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሊኑክስ ላይ የሚሠራበት ኤክስዜድ የተባለው የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ላይ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር (ሰርጎ መግቢያ) ተገኝቷል። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ በርቀት ሲገባ ከተለመደው ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አይቶ ነበር መመርመር የጀመረው። ኮዱ ክፍት መሆኑ ብቻውን አላዳነም፤ ሰው ሊያየው ግን አስችሎታል። ከሁሉ የሚብሰው አደጋ ግን ከማይታወቅ ቦታ የሚወርድ ክራክና አክቲቬተር ነው፤ ጸረ ቫይረስህን አጥፋ ብሎ የሚጀምር ፕሮግራም ምን እንደሚያደርግ ለመገመት አይከብድም።

የሾርትከቱ ቫይረስ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው። ፍላሹን ሊኑክስ ላይ ስትሰካው የተደበቁት ፋይሎች በአብዛኛው ያለ ምንም ድካም ይታያሉ። ካልታዩ ስሙ ባዶ ቦታ ብቻ የሆነ ፎልደር ፈልግ፤ አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም እዚያ ውስጥ ይከታል። የራስህን ፋይሎች ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጥ፣ ሾርትከቶቹንና የማታውቃቸውን ፋይሎች ተዋቸው፣ ፍላሹን ፎርማት አድርግና መልስ። ሳትፎርማት ሾርትከቶቹን ብቻ ብታጠፋ ፋይሎችህ ዊንዶውስ ላይ እንደተደበቁ ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ኤምዶትቱ ኤስኤስዲ አስመጣሁ፤ ላፕቶፔ ላይ ገባ፣ ግን አይታወቅም።

መልስ፦ ቅርጹ አንድ ሆኖ ቋንቋው ሁለት ስለሆነ ነው፤ ሳታ አለ፣ ኤንቪኤምኢ አለ። ኤስኤስዲው ጫፉ ላይ አንድ ስንጥቅ ብቻ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው፤ ሁለት ካለው ብዙውን ጊዜ ሳታ ነው። ሶኬትዎ ሳታ ብቻ የሚያናግር ከሆነ ምንም ባዮስ ቢቀያየር አይሠራም። ከመግዛት በፊት የላፕቶፑን ሞዴል መመሪያ ማየት ነበር፤ አሁን ኤስኤስዲውን የኤንቪኤምኢ ዩኤስቢ ቤት ገዝተውለት ውጫዊ ዲስክ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፔ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ድረ ገጾች ሁሉ «ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ይሉኛል።

መልስ፦ የእናት ቦርዱ ባትሪ አልቋል። ሲአር2032 የሚባል፣ 3 ቮልት፣ እንደ ሳንቲም ክብ ነው። ድረ ገጾቹ የሚከለክሉት የምስክር ወረቀታቸው የአገልግሎት ዘመን ከተሳሳተው ቀን ጋር ስለማይገጥም ነው። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለህ የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርገህ ቀይረው። ከዚያ ባዮስ ገብተህ ቀኑን አስተካክል፤ የሳታውን አሠራርም ተመልከት። ብዙ የዴል ማሽኖች ባትሪው ሲያልቅ ወደ ሬይድ ስለሚመለሱ፣ በኤኤችሲአይ የተጫነ ዊንዶውስ ባትሪ ከተቀየረ በኋላ አልነሳም ይላል። ያኔ ዲስኩ ተቃጥሏል ብሎ ከመሮጥ በፊት ወደ ኤኤችሲአይ መመለስ ነው።