የድሮ የድንጋይ ካባ በአየር ፎቶ ላይ ለመለየት፦ መጀመሪያ ጥላውን እይ

ሰላም ወንድሜ። «በ1 ለ 50,000 የአየር ፎቶ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ይታየኛል፤ የድሮ የድንጋይ ካባ ይሁን የተፈጥሮ ጎድጓዳ መሬት በምን ልለየው?» ላልከው ነው። ከላይ የመለሱልህ ሁሉ ስለ ሶፍትዌር ነው ያወሩት። ለጊዜው ተወው። እኔ በዚሁ ጉዳይ ጉድ ሆኜ ስለማውቅ የደረሰብኝን ልንገርህ።

1. ጥላው ወዴት እንደወደቀ ሳታረጋግጥ ምንም ነገር ላይ ምልክት እንዳታደርግ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ የገጠር ውሃ ሥራ ታንከር የሚቆምበት ከፍ ያለ ቦታ ከፎቶ ላይ እንድመርጥ፣ የድሮ ካባዎችንም እግረ መንገዴን እንድመዘግብ ታዘዝኩ። አንድ የምታምር ክብ ጉብታ አገኘሁ። በቀይ እስክሪብቶ ከበብኳት። አለቃዬም አመሰገነኝ። ከዚያ አራት ሰው ሆነን፣ መኪናው መሄድ እስከሚችልበት ሄደን፣ የቀረውን ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘን ደረስን። ጉብታዬ ጉድጓድ ነበረች። ግድግዳዋ ቀጥ ያለ፣ አፏ ላይ ቁጥቋጦ የበቀለባት፣ ከታች አረንጓዴ ውሃ የተኛባት ያረጀች የድንጋይ ካባ። ሹፌሩ ጠርዙ ላይ ቆሞ ቁልቁል አየና «ኢንጂነር፣ ታንከር ምን ያደርጋል? ውሃው እኮ ራሱ ተጠራቅሟል» አለኝ። እስካሁን ሲያገኘኝ ይህንኑ ይደግመዋል። እኔ «ካባ» ብዬ የመዘገብኩት ደግሞ ከዚያችው ጉድጓድ የወጣ የአፈርና የፍርክስካሽ ድንጋይ ቁልል ሆኖ ተገኘ። ሁሉንም ነገር ገልብጬ ነው ያየሁት ማለት ነው!

ለምን እንደዚያ ሆነ? አእምሯችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ ነው የሚገምተው። እኛ ደግሞ ፎቶ ስናይ ሰሜኑን ወደ ላይ አድርገን ነው። ፀሐይ በደቡብ በኩል ሆና የተነሳ ፎቶ ከሆነ ጥላው ሁሉ ወደ ላይ፣ ከአንተ እየራቀ ይወድቃል። ያን ጊዜ ጉድጓዱ ጉብታ፣ ጉብታው ጉድጓድ መስሎ ይታይሃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጥላው ወደ አንተ እስኪወድቅ ድረስ ፎቶውን አዙረው። ጽሑፉ ቢገለበጥም ግድ የለህም። ከዚያ አንድ የምታውቀው ዛፍ ወይም ቤት ፈልግና ጥላው ወዴት እንደሆነ እይ። ጉድጓድ ከሆነ ጥላው ከውስጥ፣ በፀሐይዋ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር ነው የሚሆነው፤ ማዶ ያለው ግድግዳ ያበራል። ጉብታ ከሆነ ተቃራኒው ነው። አሁንም ካልተማመንክ ወንዙን እይ። ወንዝ በተራራ ጫፍ ላይ ሲሄድ ከታየህ ፎቶው ተገልብጦብሃል።

2. ጥንዱን ሳትይዝ የአየር ፎቶ ከሚሰጠው ቢሮ እንዳትወጣ። የአየር ፎቶዎች በአንድ መስመር ሲነሱ 60 በመቶ ያህል እየተደራረቡ ስለሆነ ያው መሬት ከሁለት ቦታ ተነስቶ በሁለት ፎቶ ላይ ይገኛል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ በስቴሪዮስኮፕ (በባለ ሁለት ሌንስ መመልከቻ) ስታያቸው መሬቱ ብድግ ይልልሃል (ግራና ቀኙን ካቀያየርክ እዚያም ይገለበጣል፣ ተጠንቀቅ)። እኔ ጥንዱ ቢኖረኝ ያ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር። ግን ፎቶ የሚሰጠውን ሰውዬ ልንገርህ። በመጀመሪያው ቀን «ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። በሁለተኛው ቀን ማህተሙ አይነበብም አለ። በሦስተኛው ቀን ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ አንድ ፎቶ ወረወረልኝ። «ጥንዱስ?» ስለው ሁለቱን አወዳድሮ አየና «አንድ ዓይነት ናቸው፣ ወረቀት ለምን ታበዛለህ?» ብሎ አንዱን መልሶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። አንድ ዓይነት መምሰላቸው እኮ ነው ጥቅሙ! ያን ቀን አልተከራከርኩም። ዛሬ ቢሆን ወንበር ስቤ እቀመጥ ነበር።

ሌላው ደግሞ ስካነራቸው ነው። በ1 ለ 50,000 ፎቶ ላይ 1 ሚሊሜትር ማለት 50 ሜትር ነው፤ 10 ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ካደረጉልህ አንዱ ነጥብ ከ4 ሜትር በላይ ስለሚሸፍን ጉድጓድህ ሁለት ነጥብ ሆኖ ይቀራል። 1,200 ዲፒአይ አስደርግ፣ አንዱ ነጥብ 1 ሜትር ያህል ይሆንልሃል። በስልክ ያነሳኸውን ፎቶ ግን ለማንም እንዳታሳይ።

ቢሮው ካስመረረህ ኮሮና የሚባሉትን የስለላ ሳተላይት ፎቶዎች ፈልግ (በሽታው አይደለም)። አሜሪካኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1972 ያነሷቸው ናቸው፣ በ1995 ምስጢርነታቸው ተነሳ፤ ስካን የተደረጉትን በነፃ ታወርዳለህ። ብዙዎቹ ጥንድ አላቸው። ደብዳቤ የለ፣ ማህተም የለ።

3. ጉድጓድ መሆኑን ካረጋገጥክ በኋላ መንገዱን ፈልግ። ድንጋይ ያወጣ ሰው ድንጋዩን ማጓጓዙ አይቀርም። ካባ በአንድ በኩል ክፍት አፍ አለው፣ ከአፉ የሚነሳ መንገድ አለው፣ አፉ ፊት ለፊት ደግሞ የተጣለ አፈር እንደ ምላስ ተዘርግቶ ታያለህ። የተፈጥሮ ስርጉድ አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነው፤ ወደ እሱ ሄዶ የሚያልቅ መንገድ የለውም። የከብት ውሃ ማጠራቀሚያ ከሆነ በታችኛው በኩል የአፈር ግድብ አለው።

የተደፈነ ካባ ግን ጥላ የለውም፣ እዚያ ላይ ሰብሉ ነው የሚነግርህ። ጉድጓዱ በአፈር ከተሞላ አፈሩ ጥልቅ ስለሆነ እርጥበት ይይዛል፤ ጎረቤቱ ሰብል ሲቢጫጭ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። በድንጋይና በፍርስራሽ ከተሞላ ደግሞ ቀድሞ የሚደርቀው እሱ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ሰብሉ ሳይታጨድ የተነሳ ፎቶ ካገኘህ እሱን ያዝ። እኔ በዚህ መንገድ ያገኘሁት አንድ የተደፈነ ካባ አለ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች እንኳን ረስተውት ነበር፤ ሲቆፈር ወጣ። ሹፌሩ ስለዚያኛው ግን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም።

ካልሆነልህ ነጠብጣቦቹን ቆርጠህ እዚህ ለጥፋቸው፣ አይልሃለሁ። ግን የፎቶውን ጠርዝ እንዳትቆርጠው። እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ የሰዓት ምስል ታያለህ፤ ፎቶው የተነሳው ጠዋት ይሁን ከሰዓት በእሷ ነው የማውቀው።