በተከታታይ ማራቶን ሮጬ ለኩላሊት ህመምተኞች ብር ላሰባስብ ላልከው የድሬ ልጅ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት አይቼው ነበር ስራ ላይ ስለነበርኩ ዛሬ ነው ቁጭ ብዬ መመለስ የቻልኩት። ላላዩት ባጭሩ፦ ልጁ ጠዋት ጠዋት 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ ከጀመረ ሁለት አመት ሆኖታል፣ የጓደኛው እናት የኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው፣ እና ከድሬዳዋ ሐረር አምስት ማራቶን በአምስት ቀን ሮጦ ለህመምተኞቹ ማህበር ገንዘብ ማሰባሰብ ይፈልጋል፣ ይቻላል ወይ ነው የሚለው። ከስር ግማሹ "አቦ ተው ትሞታለህ" ግማሹ ደግሞ "የድሬ ልጅ ምን ያቅተዋል" ብሎታል። እኔ ፕሮፌሽናል አይደለሁም፣ ግን ለአረጋውያን መርጃ ብለን እዚሁ ድሬ በየእሁዱ አንድ ማራቶን እየሮጥኩ ብር ሰብስበናል፣ ስለዚ ያየሁትን ልንገርህ፣ ረዘም ይላል ቻለው።

ይቻላል። መንገዱንና ቀኑን ግን ቀይረው።

ከመንገዱ ልጀምር። ድሬ ሐረር ማራቶን አይደለም እኮ፣ ማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያ መንገድ ከ50 ያልፋል፣ ስለዚ ሐረር ሳትገባ ያልቅብሃል። እሱ ይሁን፣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ስትጨርስ ከ2,000 በላይ ነህ፣ በሚኒባስ ስትወጣ ጆሮህ ድፍን የሚለው በምክንያት ነው፣ በታህሳስ ለቁልቢ በእግሩ የወጣ ሰው ካወቅክ ጠይቀው። ታዲያ በቁልቁሉ ከሐረር ወደ ድሬ ልሩጥ ካልክ ደግሞ የባሰ ነው። ዳገት ሳንባህን ነው የሚፈትነው፣ ቁልቁለት ግን ጭንህን ይጨርሰዋል፣ ጡንቻው እየተሳበ ክብደትህን ሲይዝ ውስጡ ይቆሳስላል፣ ህመሙ ደግሞ የዛኑ ቀን ሳይሆን በማግስቱና በሶስተኛው ቀን ነው ጉዱን የሚያሳይህ። አንዴ ሮጦ ለሚያርፍ ሰው ችግር የለውም፣ አንተ ግን በማግስቱ ልትነሳ ነው፣ ደረጃ በጀርባህ እየወረድክ ምን አይነት ማራቶን ትሮጣለህ? ከአወዳይ ጫት ጭነው ኩርባ ላይ የሚበሩትን መኪኖች እማ አንተም ታውቃቸዋለህ፣ እነሱ ለሯጭ ፍሬን አይዙም።

አሁን ዋናው ነገር። ደጋግመህ መሮጥ የፈለግከው ለምንድነው? ብዙ ሰው ማራቶኑ በበዛ ቁጥር ጀግንነቱ ስለሚበዛ ብሩም ይበዛል ብሎ ያስባል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው፣ ድግግሞሹ ለሰጪው ነው የሚጠቅመው። የመጀመሪያው እሁድ ህዝቡ ሳቀብኝ፣ ከማን ጋር ነው የምትወዳደረው፣ ስንተኛ ወጣህ፣ ይሉሃል። እኛ ሀገር ሩጫ ማለት አበበ ቢቂላ ነው፣ ደራርቱ ነች፣ ለማሸነፍ ካልሆነ ሰው ለምን ይሮጣል? ታምራት ቶላ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በፈረንጆቹ 2024 የሮጠው 2 ሰአት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነው፣ እኔ አምስት ሰአት አልፌያለው፣ ከዚራ ሰፈር ቁርስ የሚበላ አንድ ልጅ "ታምራት ሮጦ ታጥቦ ምሳውን በልቶ ተኝቶ ሲነሳ ነው አንተ የምትገባው" ብሎ ሰፈሩን አሳቀብኝ፣ እውነቱን ነው ምን ልበለው። ሁለተኛው እሁድ ግን ያው ልጅ "ለምንድነው ግን የምትሮጠው" አለኝ። ከዛ በኋላ ውሃ ይዘው የሚጠብቁ መጡ፣ አንድ ዙር አብረው የሚሮጡ ህጻናት መጡ፣ ባጃጅ ሹፌሮች ጥሩምባ እየነፉ ማጀብ ጀመሩ፣ ብሩም ያኔ ነው የመጣው። አምስቱን በአምስት ቀን ብትጨርሰው ሰው ገና ወሬውን ሲሰማ አንተ ጨርሰህ ተኝተሃል።

ካላመንክ የካናዳውን ቴሪ ፎክስ ተመልከት። በካንሰር አንድ እግሩን ከጉልበት በላይ ያጣ ልጅ ነው፣ በፈረንጆቹ 1980 በሰው ሰራሽ እግር በየቀኑ ማራቶን የሚያክል መሮጥ ጀመረ፣ መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ዞር ብሎም አላየውም። ከዛ ፖርት ኦ ባስክ የምትባል 10,000 ሰው አካባቢ የሚኖርባት ከተማ 10,000 ዶላር ሰጠችው፣ በሰው አንድ ዶላር ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ጥያቄው ቀለለ፦ ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር። በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጦ ካንሰሩ ሳንባው ውስጥ ገብቶ አስቆመው፣ በቀጣዩ አመት የካቲት ላይ ግን ብሩ 24 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር፣ የሀገሩ ህዝብ ብዛት ያኔ 24 ሚሊዮን ነበር። እንግሊዛዊው ኬቨን ሲንፊልድም በ2020 ሰባት ማራቶን በሰባት ቀን የሮጠው ለታመመው የራግቢ ቡድን ጓደኛው ለሮብ በሮው ነው፣ ሮብ የሚለብሰው 7 ቁጥር ስለነበር ኢላማውን 77,777 ፓውንድ አደረገው፣ የተሰበሰበው ከ2 ሚሊዮን አለፈ። (እሱ ግን የድሮ ፕሮፌሽናል ስፖርተኛ ነው፣ ሰባት በሰባቱን ከሱ እንዳትኮርጅ።) እኔ በጣም የምወደው ግን ጋሪ ማኪ የሚባለውን ሰውዬ ነው፣ በ2022 አመቱን ሙሉ በየቀኑ ማራቶን፣ 365፣ ስራውን ሳይተው፣ የሚኖርባት ትንሽ ከተማ አካባቢ እየተሽከረከረ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለካንሰር ህመምተኞች አሰባሰበ። ሀገር አላቋረጠም፣ ተራራ አልወጣም፣ ጎረቤቱ በየቀኑ እያየው ነው የሮጠው።

ያንተ ቁጥር ደግሞ እጅህ ላይ ነው ያለው። የኩላሊት እጥበት በደንቡ በሳምንት ሶስት ጊዜ ነው፣ አቅም ያጣ ሁለቴ ያደርገዋል፣ አንዱ እጥበት አራት ሰአት አካባቢ ይፈጃል። አንተም ማራቶኑን ቀስ ብለህ ከሮጥክ ያን ያክል ወይ ትንሽ በላይ ነው የምትቆየው። ስለዚ በብር አትቁጠር፣ በእጥበት ቁጠር። የአንድ እጥበት ዋጋ ስንት እንደሆነ ከሆስፒታሉ ጠይቀህ ቲሸርትህ ጀርባ ላይ ጻፈው፣ በየእሁዱ ማታ "ዛሬ ይሄን ያህል እጥበት ተሸፈነ" ብለህ ለጥፍ። "ለኩላሊት ህመምተኞች እርዱ" ስትለው ሰው አሜን ብሎ ያልፋል፣ "አንድ እጥበት ለሶስት ሆናችሁ ያዙልኝ" ስትለው ግን ኪሱን ይዳስሳል። የጓደኛህን እናት ግን ፎቶም ስምም እንዳታወጣ፣ እሳቸው ካልፈለጉ በቀር፣ ትንሽ ከተማ ነው ያለነው።

ስለዚ በየእሁዱ አንድ፣ ድሬ ውስጥ፣ ዙር እየሰራህ። ከዚራ የዛፍ ጥላ አለ፣ ሜዳ ነው፣ አስፋልቱም ደህና ነው፣ ስድስት ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር ካወጣህ ሰባት ጊዜ ብትዞር ሂሳቡ ይደርሳል፣ ውሃህም አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ሰውም በየዙሩ ያይሃል። እሁድን የምልህ መኪና ስለሚቀንስ ነው፣ ከሌሊቱ 10 ሰአት ከጀመርክ 3 ሰአት ተኩል ሳይሆን ታልቃለህ፣ ያኔ ቤተክርስቲያን የሄደው ይመለሳል፣ የቀረው ፉልና ፈጢራው ላይ ነው፣ ህዝብ ደጅ ነው። ግንቦትና ሰኔ አይታሰብም፣ ህዳር ታህሳስ ጥር ነው የኛ ወቅት፣ ረመዳንና ሁዳዴንም አስቀድመህ ቁጠርና ሽሻቸው፣ አንተ ባትጾም እንኳን የሚያጅቡህ ይጾማሉ። በዛ ሰአት የሚያስቸግርህ ውሻ ነው፣ ከሳይክል አጃቢ ጋር ሩጥ፣ ሐረር ብትሆን ኖሮ ደግሞ ጅብ ነበር ሃሃ።

ልምምዱን ብዙ አላወራም። ከ10 ኪሎ ሜትር ተነስተህ አምስት ስድስት ወር ያስፈልግሃል፣ ረጅሙን ሩጫ ቀስ እያልክ 30 እስክታደርሰው፣ ቅዳሜ ትንሽ ሮጠህ በደከመ እግር እሁድ ረዘም አድርገው። ፔስህ (ፍጥነትህ) እያወራህ የምትሮጥበት ይሁን፣ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል። በየአስር ደቂቃው አንድ ደቂቃ መራመድ ነውር አይደለም፣ በማግስቱ ስራ የምትገባ ሰው ነህ። ጫማ ከለመድከው ቁጥር ግማሽ ያህል ሰፋ ያለ፣ ቢቻል ሁለት ጥንድ እየቀያየርክ፣ ለጭንህና ለብብትህ ቫዝሊን፣ ለጡትህ ጫፍ ፕላስተር፣ ያልነገሩት ሰው ቲሸርቱ ደም በደም ሆኖ ነው የሚገባው።

የህመም ማስታገሻ ነገር ላይ ግን ቆም በልልኝ። እዚህ ሀገር ዳይክሎፌናክ እንደ ማስቲካ ነው፣ ጉልበቴን አመመኝ ብለህ ፋርማሲ ከገባህ ይዘህ ትወጣለህ። ሰውነትህ ውሃ አንሶት ሳለ ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ስትወስድ ወደ ኩላሊትህ የሚሄደውን ደም ይቀንሰዋል፣ ለኩላሊት ህመምተኛ ሮጠህ ራስህ ወረፋ ልትይዝ ነው? ሩጫው ላይም፣ ሲነጋ እሮጣለሁ በምትልበት ማታም አትንካው። አጥንትህ ላይ አንድ ነጥብ ስትጫነው የሚያም ከሆነ ስንጥቃት ሊሆን ይችላል፣ እሁዱን ዝለለው፣ ማንም አይቀጣህም። ከሩጫ በኋላ ሽንትህ ኮካ ከመሰለ ግን ነገ እያልክ አትደር፣ ጡንቻ ሲፈርስ ደም ውስጥ የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ይዘጋል፣ የዛኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል።

ውሃም እንደዛው መጠን አለው። በኛ ሙቀት በሰአት አንድ ሊትር ላብ ማውጣት ብርቅ አይደለም፣ ግን ፈርተህ ዝም ብለህ ንጹህ ውሃ ከገለበጥክ ደምህ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥንና ጭንቅላትህን ያዞረዋል፣ ሰው በሱም ሞቷል። ሲጠማህ ጠጣ፣ አንዳንዱን ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄቱን) በጥብጥበት። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች አንዱን ለምነህ ከመጀመርህ በፊትም ስትጨርስም በዛው ሚዛን ተመዘን፣ ከጨመርክ የጠጣኸው በዝቷል፣ ከሁለት ኪሎ በላይ ከቀነስክ አንሷል። አጃቢዎችህም ይሄን ይወቁ፦ ሯጩ ሙቀት መትቶት መቀባጠር ከጀመረ መኪና ፍለጋ ከመሯሯጥ በፊት ልብሱን አውልቀው በረዶ ውሃ መላ ሰውነቱ ላይ ያፍስሱ፣ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፣ ከዛ ሆስፒታል።

ምግብ ላይ በሶ፣ ቴምር፣ ሙዝ፣ ማታውን ሩዝ፣ በቃ። ሰውነት ውስጥ የሚቀመጠው ስኳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ነው የሚያልቀው፣ ስለዚ ሳይርብህ በየዙሩ ቅመስ። ጫት እሁድ ከሰአት አይሆንም፣ ታውቀዋለህ ምግብም እንቅልፍም ይነሳሃል፣ አንተ የሚያስፈልጉህ ደግሞ ሁለቱ ናቸው። በርጫው (ጫት የሚቃምበት) ጋ ግን ሂድ! ወላሂ እንደዛ ያለ ብር መሰብሰቢያ የለም፣ "የዛሬውን ጫት ግማሽ ዋጋ ለእጥበት" ብለህ ገብተህ ሳትቀመጥ ውጣ።

የብሩ ነገር የመጨረሻው ነው፣ ጠብ የሚመጣውም በሱ ነው። በራስህ ቴሌብር አትቀበል፣ በራስህ አካውንትም አትቀበል፣ ታማኝ ብትሆንም። ማህበሩ ህጋዊ ምዝገባውን ያሳይህ፣ በስሙ የተከፈተ፣ ከአንድ ሰው በላይ የሚፈርምበት አካውንት ይኑር፣ ደብዳቤ ይጻፍልህና ለከተማው ትራፊክ ፖሊስና ለቀበሌው አስገባ፣ መንገድ ላይ ሳጥን ይዘህ ከመዞርህ በፊት ፈቃድ ጠይቅ። ውጭ ያሉት የድሬ ልጆች ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ) ክፈት ይሉሃል፣ እሱን መክፈት ያለበት እዛው የሚኖር ሰው ነው፣ ከከፈቱት ገንዘቡ በማን በኩል መጥቶ የት እንደሚገባ ቀድማችሁ በጽሁፍ ተስማሙ። በየሳምንቱ የባንክ ስቴትመንቱን ለጥፍ፣ ለአጃቢ ውሃና ለቲሸርት የወጣውን ከሚለገሰው ጋር አትቀላቅል፣ እኛ እሱን ከአንድ ሱቅ ባለቤት ለብቻ ለምነን ነው የሸፈንነው።

ደንገጎ ካልወጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ካልክ የመጨረሻዋን እሁድ ለሱ አድርጋት፣ ከባቡር ጣቢያው ተነስተህ 42ቱ እስኪያልቅ ወደ ሐረር፣ ከፊትና ከኋላ መኪና ይዘህ፣ የፈለገ እየተራመደ ያጅብህ፣ ያኔ ከተማው ስለሚያውቅህ የሐረር ልጆችም ወጥተው ይቀበሉሃል።

ከዛ በፊት ግን ሀኪም ጋ ሂድና ግፊትህን፣ የልብ ኢሲጂና ክሬአቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ታይ፣ ውጤቱን ስታገኝ በውስጥ ጻፍልኝ፣ ልምምዱን ከዛ ተነስተን እናወጣዋለን። እኛ እሁድ እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰአት ላይ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነው የምንገናኘው፣ ቀስ ብለን ነው የምንሮጠው ና።