ብቻዬን ነኝ፤ ማስታወቂያ ምን ያደርግልኛል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ልብስ ማጠቢያ ቤት ከከፈትኩ ስምንት ወሬ ነው። በሰፈራችን ሌላ የለም። ባለቤቴ ባነር እናሠራ፣ በራሪ ወረቀት እንበትን ይለኛል። እኔ ግን ብር ማባከን ይመስለኛል። ሰዉ ከእኔ ውጪ የት ይሄዳል? ቴሌስ ብቻውን እያለ ማስታወቂያ የሚያስነግረው ለምን ነበር?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰዉ የትም አይሄድም፤ እቤቱ ያጥባል። ተፎካካሪሽ ሳፋው ነው። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ «ለፋሲካ ይታጠባል» እየተባለ ዓመቱን ሙሉ አልጋ ላይ የሚከርመው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። እሱን እኮ ሳፋ አይችለውም፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ሁለት ሰው ቢጠመዝዘውም አይጨመቅም፣ ክረምት ከሆነማ ሦስት ቀን ተሰጥቶም ሳይደርቅ መሽተት ይጀምራል። ይህን ሁሉ የሚያውቁ እናት አንቺ ጋ በስንት ብር እንደሚታጠብ ግን አያውቁም። ምናልባት ሱፍና ቬሎ ብቻ የምትቀበዪ መስሏቸው ይሆናል።

የቴሌም ነገር ያው ነው። ሳፋሪኮም መስከረም 2015 በይፋ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን ነበር። ግን ሲም ካርድ መያዝ ሌላ፣ መደወል ሌላ። ብዙዎቻችን ሚስኮል አድርገን እስኪደወልልን የምንጠብቅ ሰዎች ነበርን። የጥቅል ማስታወቂያው የሚታገለው ይህን ልማዳችንን ነበር።

ቴሌብርን ደግሞ እዪው። ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ነው፤ ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት የቴሌኮም ፈቃዱን ማሸነፉ የተነገረውም በዚያው ወር ነው። የሳፋሪኮም የሞባይል ገንዘብ፣ ኤምፔሳ፣ እዚህ አገር ሥራ የጀመረው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 2015 ላይ ነው። በዚያ መሀል ቴሌብር ስንቱ ስልክ ውስጥ ገባ! እጁ አንዴ የለመደውን ሰው ማስቀየር ከባድ ነው። አንቺም ነገ ከጎንሽ ሌላ ማጠቢያ ቤት መከፈቱ አይቀርም። ያኔ መሯሯጥ ከመጀመርሽ በፊት ሰፈሩ አንቺን ይልመድ።

ባለቤትሽ ልክ ነው፣ ግን ባነሩ ላይ «በሰፈሩ ብቸኛው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ለደንበኛው ምንም አይጠቅመውም። የብርድ ልብስ ማጠቢያ ዋጋውን በትልቁ ጻፉት፣ ሥሩ በስንት ቀን እንደሚደርስ። በራሪ ወረቀቱ ይቅር፣ መንገድ ላይ ነው የሚጣለው። በዚያ ብር ሰፈራችሁ ውስጥ ሲመላለስ የሚውል ባጃጅ ፈልጉና ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ጀርባው ላይ ለጥፉ። ክረምቱ ሳይገባ ብታደርጉት ደስ ይለኛል።