በባል የሥራ ፈቃድ በኩል ካናዳ ገብቶ በነርስነት መሥራት፦ ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ባልሽ ቶሮንቶ በሶፍትዌር ሙያ ተቀጥሮ የሁለት ዓመት የሥራ ፈቃድ ይዟል። አንቺ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ የምትሠሪ የቢኤስሲ ነርስ ነሽ። በእሱ በኩል በሚሰጥሽ ፈቃድ በሙያሽ መሥራት ትችይ እንደሆነ ነው የጠየቅሽው። ግማሹ ሰው «አይቻልም» ብሎሻል፣ ግማሹ ደግሞ «ሆስፒታሉ ኤል ኤም አይ ኤ (ቀጣሪ የውጭ አገር ሰው ለመቅጠር ከመንግሥት የሚያወጣው ማረጋገጫ) ካላወጣልሽ አትድከሚ» ብሎሻል። እኔም በዚሁ መንገድ የመጣሁ ነኝ፣ አሁን ቶሮንቶ ባለችበት ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት በአርኤንነት፣ ማለትም በተመዘገበ ነርስነት እሠራለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ይቻላል። ኤል ኤም አይ ኤም አያስፈልግሽም። ለትዳር ጓደኛ የሚሰጠው ኦፕን ወርክ ፐርሚት ስለሆነ ከአንድ ቀጣሪ ጋር አያስርሽም፣ ሆስፒታልም ሆነ የአረጋውያን መንከባከቢያ ምንም የኢሚግሬሽን ጣጣ ሳይነካው ሊቀጥርሽ ይችላል። ግን ይህ ፈቃድ አገሩ ውስጥ የመሥራት መብት ነው የሚሰጥሽ፣ ነርስ አያደርግሽም። በነርስነት የሚመዘግብሽ የክፍለ ግዛቱ የነርሶች ኮሌጅ የሚባለው የሙያ ፈቃድ ሰጪ ነው፣ ኦንታሪዮ ላይ የኦንታሪዮ ነርሶች ኮሌጅ። ኢሚግሬሽን ስለ ዲግሪሽ አይጨነቅም፣ ኮሌጁ ደግሞ ቪዛሽ ስለፈጠነ አይፈጥንልሽም። ሰው የሚንገላታው አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እጀምራለሁ ብሎ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪጃቸው።

በጣም የሚያስቸኩልሽን ላስቀድም። በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ጀምሮ ሕጉ ጠብቋል። ካናዳ ሥራዎችን በሚጠይቁት የትምህርትና የሥልጠና ደረጃ ቲር እያለች ትመድባቸዋለች፣ የባልሽ ሥራ ቲር 0 ወይም ቲር 1 በሚባለው ምድብ መሆን አለበት (ከቲር 2 እና 3 የተመረጡ ሥራዎችም አሉ)፣ አንቺ በምታመለክቺበት ጊዜ ደግሞ ፈቃዱ ላይ ቢያንስ 16 ወር መቅረት አለበት። ሶፍትዌር ቲር 1 ነው፣ እሱ አያሳስብሽ። የሚያሳስብሽ 16 ወሩ ነው። ፈቃዱ የሁለት ዓመት ከሆነ ያለሽ ጊዜ ስምንት ወር ብቻ ነው ማለት ነው። «መጀመሪያ ቤት ይያዝ፣ እቃ ይሟላ፣ ከዚያ ትመጫለሽ» እየተባለ ይሄ ጊዜ እንዴት እንደሚያልቅ ብታዪ! ዛሬውኑ ከባልሽ ጋር ቀኑን ቁጠሩት። በነገራችን ላይ ባሎቻችሁ ተማሪ የሆናችሁም አንብቡ፣ ከዚያው ቀን ጀምሮ ለተማሪ ሚስት የሚሰጠው ባልየው 16 ወር ወይም ከዚያ በላይ የሚፈጅ ማስተርስ፣ ዶክትሬት ወይም የተመረጡ የሙያ ፕሮግራሞች ሲማር ነው። ለተራ ዲፕሎማ ቀርቷል።

የጋብቻ ወረቀታችሁ የቤተ ክርስቲያን ወይም የኒካህ ብቻ ከሆነ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አውጡ። ፓስፖርትሽንም እዪው። የሥራ ፈቃድ ከፓስፖርት ማብቂያ ቀን አያልፍም፣ ዓመት ብቻ የቀረው ፓስፖርት ይዘሽ ብታመለክቺ የምታገኚው የአንድ ዓመት ፈቃድ ነው። ክፍያው ለፈቃዱ 255 ዶላር፣ ለአሻራ 85 ዶላር ነው፣ በካናዳ ዶላር።

አሁን «አይቻልም» ወደሚሉሽ ሰዎች ልምጣ፣ ዝም ብለው አልተነሱም። አንዳንድ ኦፕን ፈቃድ ላይ አንድ መስመር ይጻፋል፦ በሕፃናት እንክብካቤ፣ በአንደኛና ሁለተኛ ደረጃ መምህርነት እና በጤና አገልግሎት ሙያዎች መሥራት አይፈቀድም የሚል። ይህ መስመር የሚመጣው የኢሚግሬሽን የጤና ምርመራ ካልተደረገ ነው። መስመሩ ያለበት ሰው ነርስነት ቀርቶ በፒ ኤስ ደብሊው፣ ማለትም በተንከባካቢነት እንኳ መሥራት አይችልም። ከኢትዮጵያ የምታመለክቺ ከሆነ ምርመራው አይቀርልሽም፣ ካናዳ የምትቀበለው ሐኪም ጋ ሄደሽ አድርጊው፣ ማስረጃውንም ከማመልከቻሽ ጋር አያይዢው። ብዙውን ጊዜ መስመሩ የሚታየው በጉብኝት ገብተው እዚሁ ያመለከቱ ሰዎች ላይ ነው። አንቺ ግን የምርመራ ወረቀትሽን በእጅ ሻንጣ ያዢ። ፈቃዱ የሚታተምልሽ ኤርፖርት ስትደርሺ ስለሆነ ከመስኮቱ ሳትርቂ አንብቢው። የጤና ሙያ ክልከላ ካየሽ እዚያው፣ በትሕትና፣ ምርመራ አድርጌያለሁ ብለሽ አሳዪ። ከወጣሽ በኋላ ለማስተካከል እንደገና ማመልከትና ወራት መጠበቅ ነው። የጉዞ ድካም ላይ ሆኖ ወረቀት ማንበብ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን አንብቢው።

ዋናው ሥራ ያለው ኢትዮጵያ ነው። ይህንን ደጋግሜ የምለው ብዙ ነርሶች እዚህ ከመጡ በኋላ ሲሰቃዩ ስላየሁ ነው። እኔ በኤን ኤን ኤ ኤስ በኩል ነው ያለፍኩት፣ የውጭ አገር ነርሶችን ማስረጃ የሚገመግም ድርጅት ነው። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች አሁን በቀጥታ ማመልከት ፈቅደዋል፣ አልበርታና ኖቫ ስኮሺያ በ2023 መንገዱን አቅልለዋል። ግን የኖቫ ስኮሺያ ፈጣን መንገድ ለተዘረዘሩ ሰባት አገሮች ነው፣ ከአፍሪካ ያለችበት ናይጄሪያ ብቻ ናት። ስለዚህ የናይጄሪያ ጓደኛሽ በአጭር ጊዜ ጨረስኩ ብትልሽ የእኛም እንደዚያው ይሆናል ብለሽ አታስቢ። የኦንታሪዮ ኮሌጅ ገጽ ላይ ገብተሽ ዛሬ የሚጠይቀውን ራስሽ አንብቢ፣ አሠራሩ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል።

እኔ በሄድኩበት መንገድ የተጠየቅኳቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከዩኒቨርሲቲሽ ነው። ትራንስክሪፕት ብቻ አልበቃም፣ በየኮርሱ ስንት ሰዓት ቲዎሪ፣ ስንት ሰዓት ክሊኒካል እንደተማርኩ ተጠይቄያለሁ። የሕፃናት፣ የእናቶች፣ የአእምሮ ጤና፣ የማኅበረሰብ ጤና አታችመንቴ ሁሉ በሰዓት መታየት ነበረበት። የእኛ ትራንስክሪፕት ክሬዲት እንጂ ሰዓት አይናገርም። ስለዚህ ሬጅስትራር ብቻ ሳይሆን የነርሲንግ ትምህርት ክፍሉ ድረስ ሄደሽ የኮርስ ዝርዝሩን የሚያውቅ መምህር ማግኘት ያስፈልግሻል። ቅጹን ትምህርት ቤቱ ሞልቶ በራሱ ነው የሚልከው፣ አንቺ ይዘሽ ብትመጪ አይቀበሉትም። የእኔ ትምህርት ቤት ቅጹን አንዴ ፊርማ ረስቶ፣ አንዴ ሰዓቱን ባዶ ትቶ ልኮታል፣ እኔ ካናዳ ሆኜ እኅቴ ናት በየቢሮው የተንከራተተችው። አንቺ እዚያው እያለሽ በአካል ቆመሽ አስሞይ። ኮስት ሼሪንግ ካልጨረስሽ ደግሞ አስቀድመሽ ጨርሺ፣ እሱ ሳይዘጋ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይላክልሽም። ቴምፖ (ጊዜያዊውን የዲግሪ ወረቀት) ብቻ ይዞ መምጣት እዚህ ብዙም አይጠቅምም።

ሁለተኛው የሙያ ፈቃድሽ ነው። ፈቃዱን የሰጠሽ ጤና ቢሮ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለሽ ነርስ እንደሆንሽ፣ ክስም ቅጣትም እንደሌለብሽ ይመሰክራል። ፈቃድሽ ጊዜው አልፎ ከሆነ አሁኑኑ አሳድሺ። ሦስተኛው የሥራ ልምድ ነው። «በሆስፒታላችን በነርስነት አገልግለዋል» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ አይረዳሽም። የሠራሽባቸው ክፍሎች፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የሰዓት ብዛት ይጻፍ። ከሜትረንሽ ጋር ተነጋገሪ፣ ስልክና ኢሜይልም ያዢ፣ ከዚህ ደውለው የሚያጣሩ አሉ።

ሥራሽን ቶሎ አትልቀቂ። ኦንታሪዮ ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ በነርስነት መሥራትሽን ይጠይቃል። ያ ሦስት ዓመት መቁጠር የሚጀምረው የመጨረሻ ተረኛ ከሆንሽበት ቀን ነው። ቪዛ እየጠበቅሽ ቤት ከተቀመጥሽ፣ መጥተሽም ወረቀት እየጠበቅሽ ከተቀመጥሽ ያልቅብሻል። ካለቀብሽ ወይም የቋንቋ ማስረጃ ካነሰሽ ኦንታሪዮ ውስጥ በ2022 የተጀመረ፣ ሆስፒታል ወይም መንከባከቢያ ውስጥ በተመዝጋቢ ነርስ ቁጥጥር ሥር እየሠራሽ ሁለቱንም የምታሟይበት ፕሮግራም አለ። እኔን በጣም ጠቅሞኛል፣ በዚያው ክፍል ነው የተቀጠርኩት።

ወደ አይኤልትስ፣ ማለትም ወደ እንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናው ግን አትቸኩይ። ውጤቱ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ የትምህርት ቤት ወረቀትሽ ሳይንቀሳቀስ ብትፈተኚ ያልፍብሻል። አካዳሚኩን ነው የምትወስጂው። እኔ የተጠየቅኩት ማዳመጥ 7.5፣ ማንበብ 6.5፣ መጻፍና መናገር 7 ነበር። ብዙዎቻችንን የሚይዘን ጽሑፉ ነው። ካናዳ ከገባሽ ሴልባን የሚባል ለነርሶች የተዘጋጀ ፈተናም አለ፣ የሆስፒታል ቋንቋ ስለሆነ ለእኔ ከአይኤልትሱ ይቀላል።

ኤንክሌክስ በሚባለው የነርስ ፈቃድ ፈተና ላይ ሰው ያስፈራሻል፣ አትፍሪ ግን አትናቂው። ኦንታሪዮ ከ2015 ጀምሮ የአሜሪካኑን ፈተና ነው የምትጠቀመው። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ አምስት ሰዓት፣ ኮምፒውተሩ በመልስሽ ልክ እያከበደ ወይም እያቀለለ ይሄዳል፣ ሲበቃው ራሱ ይቆማል። የእኛ ችግር እውቀት አይደለም። እኛ ሃምሳ ታማሚ ባለበት ዋርድ አንድና ሁለት ሆነን ያደርን ሰዎች ነን። ፈተናው የሚጠይቅሽ ግን «ከእነዚህ አራት ታማሚዎች መጀመሪያ ማንን ታያለሽ? የትኛውን ሥራ ለረዳት ትሰጫለሽ?» ነው። መልሱ ሁሉ ነገር የተሟላበት ሆስፒታል እንደሆነ አድርጎ ነው የሚያስበው። ኦክስጅን አለቀ፣ መድኃኒቱን አስታማሚ ከውጭ ይግዛ የሚባል ነገር የለም። አገር ቤት እንዴት እንደምትሠሪ ሳይሆን መጽሐፉ የሚለውን መልሺ። የዲፕሎማ ነርስ የሆናችሁ ደግሞ ኦንታሪዮ ውስጥ አርፒኤን የሚባለው፣ ከአርኤን ዝቅ ያለው የነርስ ደረጃ አለላችሁ፣ ፈተናው ሬክስ ፒኤን ነው። ቀጥታ አርኤን ካልሆንኩ ብላችሁ ዓመታት አታባክኑ።

እስከዚያው ምን ልሥራ ላልሽው፣ በፒ ኤስ ደብሊውነት መሥራትን አትናቂው። ብዙ ነርስ «ዲግሪ ይዤ ሽንት ጨርቅ ልቀይር?» ብላ ታለቅሳለች። ሕመሙ ይገባኛል፣ እኔም አልቅሻለሁ። ግን እዚህ አገር አርኤኗም ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታገላብጣለች። እኛ አገር ይህንን የሚሠራው አስታማሚ ነው፣ እናት፣ እኅት፣ ልጅ። እዚህ አስታማሚ የለም፣ ያለሽው አንቺ ነሽ። በዚያ ሥራ የታማሚ ማንሻ ማሽኑን፣ የአልጋ ቁስል መከላከልን፣ እያንዳንዱን ነገር መመዝገብን ለመድኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አፌ ተፈታ። ዶክተር ያዘዘው ትክክል ካልመሰለሽ ደውለሽ መጠየቅ እዚህ ግዴታሽ ነው፣ ዝም ካልሽ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። አገር ቤት «ዶክተሩን ማን ይናገራል» ብለን ለኖርን ሰዎች ይህ ከፈተናው ይከብዳል።

ፈቃድሽ ከባልሽ ፈቃድ ጋር እንደሚያልቅም አትርሺ። ሶሻል ኢንሹራንስ ቁጥርሽ በ9 ይጀምራል፣ እሱም ከፈቃዱ ጋር ጊዜው ያልፋል፣ ቀጣሪ ያንን ያያል። ከማለቁ በፊት ማራዘሚያ ካስገባሽ መልስ እስኪመጣ በነበረው ሁኔታ መሥራት ትችያለሽ፣ አንድ ቀን ካለፈ ግን አትችይም። ቀኑን ለባልሽ ብቻ አትተዪለት፣ አንቺም ጻፊው።

«ጥገኛ ሆኜ ልቀር ነው» ያልሽው ነገር ልቤን ነክቶታል። አትቀሪም። ነርስነትም ቲር 1 ነው። በኦፕን ፈቃድ የሠራሽው የካናዳ ልምድ ይቆጠርልሻል፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሰዓት ማለት 1,560 ሰዓት ነው። ኤክስፕረስ ኢንትሪ የሚባለው የቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻ መንገድም ከ2023 ጀምሮ ለጤና ባለሙያዎች ለብቻ ጥሪ ያወጣል። እኛ ቤት ለቋሚ ነዋሪነት ስናመለክት ዋና አመልካቿ እኔ ነበርኩ፣ ባለቤቴ በእኔ ፋይል ነው ያለፈው። ሌላም ልበልሽ፣ እንዲያጋጥምሽ አልመኝም፣ ግን እህቶች በዚህ ሲያስፈራሩባቸው ስለሰማሁ ነው። በእጅሽ ያለው ፈቃድ በስምሽ ነው፣ ባል ተቆጥቶ «አስወጣሻለሁ» ቢል በአፉ አይሰርዘውም። በትዳር ውስጥ ጥቃት ለሚደርስባቸው ካናዳ ያለ ክፍያ የምትሰጠው ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድም አለ።

ቶሮንቶ ስትደርሺ ኬር ሴንተር የሚባል ከ2001 ጀምሮ የውጭ ነርሶችን የሚረዳ ቦታ አለ፣ ለፈተናም ለቋንቋም ያዘጋጃሉ። ከዚያ በፊት ግን በዚህ ሳምንት ሬጅስትራር ሂጂ፣ ኮስት ሼሪንግሽ ምን ላይ እንዳለ ጠይቂ። የኮርስ ሰዓቱን ቅጽ ለመምህሩ እንዴት እንደምታስረጂ ግራ ከገባሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የእኔ በምን መልክ እንደተሞላ አሳይሻለሁ።