የመንጋጋ ጉብታና የአንጀት ነገር

ላንቃዬ መሃል ላይ ከድሮ ጀምሮ ጠንካራ ጉብታ አለ። ካንሰር ይሆን?

ካልተለወጠ ብዙ ሰው ያለው የአጥንት ጉብታ ሳይሆን አይቀርም። የጥርስ ሐኪም አንዴ ይየውና ይርሱት።

አንገቴ ላይ ያበጠውን ዳማከሴ ብቀባው ይጠፋል?

ዳማከሴ ለምች ነው። ሦስት ሳምንት ያለፈው እብጠት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ቀጣዩ ጠያቂ የ24 ዓመት ወጣት ነው። መንጋጋው ላይ ሁለት የማያሙ የአጥንት እብጠቶች አሉ። ኤክስሬይ ሲነሳ ደግሞ ድዱ ውስጥ የተቀበሩ ትርፍ ጥርሶች ታዩ። ሠርጉ ስለደረሰ እብጠቶቹን ማስጠረብ ፈልጓል። መጨረሻ ላይ በጨረፍታ «አባቴ በ41 ዓመታቸው በሆድ ሕመም ነው ያረፉት» ይላል።

ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ጣልከው። እብጠቶቹ ኦስቲዮማ የሚባሉት የአጥንት ዕጢዎች ከሆኑ ራሳቸው ካንሰር አይሆኑም። ከትርፍ ጥርስ ጋር ሲመጡ ግን ጋርድነር ሲንድረም የሚባለውን በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያስጠረጥራሉ። መነሻው ኤፒሲ የተባለ ጂን ጉድለት ነው። ትልቁ አንጀት ውስጥ ፖሊፕ የሚባሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ የሥጋ ጉብታዎች ይበቅላሉ። ዝም ከተባሉ አንዱ ካንሰር መሆኑ አይቀርም ማለት ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ40 ዓመት አካባቢ። የመንጋጋው ጉብታ ብዙ ጊዜ ከፖሊፑ ቀድሞ ይታያል። ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው።

የሚያናድደኝ ይሄ መደበቃችን ነው። ካንሰር ለታማሚው አይነገርም፣ ለልጆቹም አይነገርም፤ ለቅሶ ላይ «ትንሽ አሟቸው ነበር» ተብሎ ይታለፋል። ከዓመታት በኋላ ሐኪም የቤተሰብ ታሪክ ሲጠይቅ ልጁ የሚለው ያጣል። እናትህን ዛሬውኑ ጠይቃቸው። የአባትህ ሰገራ ደም ነበረው? አንጀታቸውን ተቀደው ነበር? የሕክምና ወረቀት ከሰነዶቹ መሃል ይኖራል፤ ይፈለግ።

ከዚያ የአንጀት ሐኪም ጋ ሄደህ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ቱቦ ማየት) ትታያለህ፤ ከሠርጉ በፊት። «ሲመቸኝ» የሚባል ነገር የለም! ከተገኘብህ ወንድም እህቶችህም ይታያሉ። ጉብታውን ያኔ አስጠርበህ ሙሽራ ሁን።

አባቴ አንገታቸው ጎን ካለው የደም ሥር አጠገብ ዕጢ ወጥቶባቸው ተቀደዋል። ሐኪሙ «በዘር ነው፣ ኤስዲኤችዲ የሚባል ጂን ነው» ብሏቸዋል። ልጆቼ ይያዙ ይሆን?

መጀመሪያ አንቺ ተመርመሪ። የዚህ ጂን ጉድለት ጠባዩ ለየት ያለ ነው። ከአባቱ የወረሰው ለዕጢው ይጋለጣል፤ ከእናቱ የወረሰው ግን ተሸክሞት ይኖራል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይታመምም። ስለዚህ ጉድለቱ ቢኖርብሽ እንኳ ለልጆችሽ ብዙም አያሰጋም። የወንድ ልጅሽ ልጆች ላይ ግን ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ትውልድ ዘለለ የሚባለው ለዚህ ነው። አንገትሽ ላይ እብጠት ካየሽ ደግሞ ምስል ሳይነሳ ማንም መርፌ እንዳያስገባበት፤ እንዲህ ያለው ዕጢ ደም የበዛበት ነው።